«ቲቸር፣ ግን ይነሳል?»፦ በእጅ ስለተሠሩ አውሮፕላኖች የምናወራው ወሬ ምን ይጎድለዋል?

ወልድያ ውስጥ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩን ገልጦ አንድ ሥዕል አሳየኝ። ክንፍ አለው፣ ጭራ አለው፣ አፍንጫው ላይ የሞተር ሳይክል ሞተር ተቀምጧል። በስልኩ ያያቸውን ቪዲዮዎች አንድ በአንድ ዘረዘረልኝና በመጨረሻ «ቲቸር፣ ግን ይነሳል?» አለኝ።

«ስንት ኪሎ ነው?» አልኩት። አያውቅም። «ክንፉስ ስንት ካሬ ሜትር ነው?» እሱንም አያውቅም። ልጁ ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። የሞተሩን ሞዴል፣ የሚሸጥበትን ቦታ፣ ዋጋውን ሳይቀር ያውቃል። ያላወቀው ማንም ያልነገረውን ነገር ብቻ ነው። ያያቸውን ቪዲዮዎችና ያነበባቸውን ዜናዎች እኔም አየኋቸው። ስለ ሕልም፣ ስለ ጽናትና ስለ ድህነት ብዙ ተብሏል። ስለ ኪሎ ግን አንድም ቃል የለም።

ይህ ጽሑፍ ትችት ነው። የምተቸው ግን አውሮፕላን የሚሠሩትን ወጣቶች አይደለም፤ የእነሱን ታሪክ የምንናገርበትን መንገድ ነው።

የምናስታውሰው አንድ ሴንቲሜትር

ከሁሉ የታወቀውን ታሪክ እንውሰድ። አስመላሽ ዘፈሩ በጤና ትምህርት የተመረቀ ኢትዮጵያዊ ነው። አብራሪ መሆን ይመኝ ነበር፤ ግን ቁመቱ በአንድ ሴንቲሜትር አነሰና ሥልጠናው ውስጥ መግባት አልቻለም። ያኔ አውሮፕላኑን ራሱ ለመሥራት ወሰነ። ለዓመታት መጻሕፍትና ቪዲዮዎች ሲመረምር ቆየ፤ መለዋወጫ ከመርካቶ ለቃቀመ፤ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የቮልስዋገን ሞተር ገጠመ። ሥራው 570 ቀን ፈጀ። ስሙንም ኬ-570ኤ አለው፤ «ኬ» ከእናቱ ከኪሮስ ስም፣ ቁጥሩ ከቀኖቹ። በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ አጠገብ ሰንዳፋ ላይ ለማብረር ሞከረ። አልተነሳም። ወሬው ግን በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተሰራጨ።

እስቲ ታሪኩን ሰምታችሁ ከሆነ ምን ትዝ እንደሚላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። አንድ ሴንቲሜትሩ፣ አይደል? እናቱ፣ መርካቶ፣ ቮልስዋገኑ። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ሰውየውም ክብር ይገባዋል። ከዓመታት ጥናትና ከ570 ቀን ሥራ በኋላ ሰው ፊት ቆሞ መሞከር ቀላል ነገር አይደለም። ለዚያ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው አክብሮት ግን «ለምን አልተነሳም?» ብሎ በቁም ነገር መጠየቅ ነበር። ይህን ጥያቄ ሲዘልሉት ታሪኩ ወደ ተረት ይቀየራል፤ ቀጥሎ የሚሞክረው ልጅም ከዜሮ ይጀምራል።

የቮልስዋገን ሞተር ለአውሮፕላን አይሆንም እንዳትሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓ ውስጥ በዚህ ሞተር የሚበሩ ብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ተሠርተዋል። ሮዤ ድሩዊን የተባለው ፈረንሳዊ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነደፈው ቱርቡለንት ባዶ ክብደቱ ከ200 ኪሎ በታች የሆነ ባለ አንድ ወንበር የእንጨት አውሮፕላን ነው፤ በዚሁ ዓይነት ሞተር ይበራል። እንግዲህ ሞተሩ አንድ ዓይነት ከሆነ ልዩነቱ የት ነው ያለው? ክብደትና አሠራር የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። አንድ ትልቅ ነገር ግን ማንም አይጠራውም፤ አየሩን።

ወልድያ ላይ አየሩ ራሱ ይቀንሳል

አንድ ሙከራ ልስጣችሁ። ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ወልድያ ላይ ክፈቱና ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉት። ከዚያ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ በሲሪንቃ አድርጋችሁ ወደ መርሳ ውረዱ። ስትደርሱ ፕላስቲኩ ጎኑ ትንሽ ገባ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ። የነካው የለም። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ መርሳ 1,600 ሜትር ገደማ። ውስጥ የታሸገው የወልድያ አየር ነው፤ ከውጭ የሚጫነው የመርሳ አየር ደግሞ ይበረታል።

አሁን ይህንን ወደ ክንፍ እናምጣው። ክንፍ የሚያነሳው አየርን ወደ ታች በመግፋት ነው። የሚገፋው አየር ከቀለለ የሚያገኘው ድጋፍም ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል። ወልድያ ላይ፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን በ25 ዲግሪ፣ 0.92 ኪሎ ገደማ ነው። ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ሰንዳፋ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከዚህም ይብሳል።

ይህ የሩብ ጉድለት በሦስት ቦታ ያስከፍላል።

አንደኛ፣ ክንፉ። ባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የሚነሳ አውሮፕላን ወልድያ ላይ 81 መድረስ አለበት።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ። ሞተርም አየር ነው የሚተነፍሰው። 40 የፈረስ ጉልበት የተባለው ወልድያ ላይ ወደ 29 ይወርዳል። ካርቡሬተሩ ለቆላ እንደተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱም ከዚህ ይቀንሳል። የከተማችን የጋራዥ ሰዎች ይህንን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ሦስተኛ፣ ፕሮፔለሩ። እሱም የሚዞር ክንፍ ነው፤ ቀጭን አየር ሲሆን የሚይዘው ያጣል።

ሦስቱን አንድ ላይ ስታደርጓቸው የመንደርደሪያው ርዝመት ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። በብዙ ፍጥነት መነሳት አለበት፤ ያንን ፍጥነት የሚሰጠው ጉልበት ግን አንሷል። ፈረንሳይ ሜዳ ላይ 200 ሜትር ሮጦ የሚነሳ አውሮፕላን እኛ ዘንድ 370 ሜትር ገደማ ቢፈልግ አይግረማችሁ። ያውም ደልዳላ አስፋልት ከተገኘ ነው። በሳር ወይም በጠጠር ላይ፣ በሞተር ሳይክል ጎማ ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ ይጨምራል።

ስለዚህ ልጁ ስልኩ ላይ ያየው ቪዲዮ ውሸት ላይሆን ይችላል። ያ አውሮፕላን እዚያ፣ ዝቅተኛ ሜዳ ላይ፣ ተነስቷል። ቪዲዮው የማይነግረው ግን አንድ ነገር አለ፦ ከፍታውን።

የአስራ ሰባት ኩንታል ጥያቄ

ሁለተኛው የጎደለ ነገር ጥንካሬ ነው። ዜናው «ከቆራረጠ ብረትና ከኮምፔርሳቶ ሠራው» ይላል፤ እኛም እናደንቃለን። ግን ያ ክንፍ ስንት ይሸከማል?

አውሮፕላኑ ከነሰውየው 300 ኪሎ ነው እንበል። ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ሲበር ክንፎቹ የሚሸከሙት 300 ኪሎ ነው። ወደ ጎን 60 ዲግሪ ጋደል ብሎ፣ ከፍታውን ሳይለቅ ሲዞር ግን 600 ይሆናል። በነፋስ ሲናጥ ወይም ከቁልቁለት ሲቃና ደግሞ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት የተለመዱት ቀላል አውሮፕላኖች ቢያንስ የክብደታቸውን 3.8 እጥፍ ያለ ጉዳት እንዲችሉ፣ ከመሰበራቸው በፊት ደግሞ የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሸከሙ ተደርገው ይነደፋሉ። ለእኛው 300 ኪሎ ስናሰላው 17 ኩንታል ይሆናል።

17 ኩንታል! ገበያ ላይ የተደረደረ እህል አስቡት። ይህን ደግሞ መሞከር ይቻላል። ሠሪዎች አውሮፕላኑን በጀርባው ይገለብጡትና ክንፎቹ ላይ አሸዋ የሞላ ኬሻ እየደረደሩ፣ በየደረጃው ምን ያህል እንደጎበጠ እየለኩ ይመዘግባሉ። ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ አሸዋ፣ ኬሻ፣ ሚዛንና ትዕግሥት ይበቃል። ክንፉ ከተሰበረም መሬት ላይ ይሰበር፤ ማንም አይጎዳም። አንድ የዜና ካሜራ ይህን ቢያሳየን ከመቶ ቃለ ምልልስ ይበልጥ ነበር።

ከተሠራ በኋላስ?

ሦስተኛው ጉድለት ለእኔ ከሁሉ የከፋ ነው። ወሬያችን «ሠራ» በሚለው ቃል ያበቃል። አውሮፕላን ግን «ተሠራ» ተብሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ባጃጅ መንገድ ላይ ቀጥ ብትል ምን ትሆናላችሁ? ትወርዳላችሁ፣ ትገፋላችሁ፣ ትስቃላችሁ። አንድ መቶ ሜትር ከፍታ ላይ መውረድና መግፋት የለም።

የእንጨት ፕሮፔለርን እንውሰድ። ቤታችሁ ያለው የእንጨት በር በክረምት እንዴት እንደሚጠብ፣ በበጋ ደግሞ እንዴት እንደሚላላ ታውቃላችሁ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ፕሮፔለሩም እንደዚያው ነው። በነሐሴ ዝናብ ጥብቅ አድርጋችሁ ያሰራችሁት ቡሎን፣ የጥር ደረቅ ነፋስ ሲመጣ እንጨቱ ስለሚሸሽ ይላላል። ማንም ሳይነካው! የላላ ፕሮፔለር ይርገበገባል፤ የተርገበገበ ደግሞ ይሰነጠቃል። 1.4 ሜትር ርዝመት ያለው ፕሮፔለር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋል። ከዚያ ላይ ቁራጭ ተገንጥሎ ቢወጣ የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። ዙሪያውን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሊያይ የመጣ ሰው ቆሟል፤ ሕፃናት ከፊት ሆነው።

ብረቱም ይደክማል። ሽቦ በእጃችሁ እየመላለሳችሁ ብታጥፉት መጀመሪያ ምንም አይሆንም፤ በኋላ ሳይታሰብ ቀንጠስ ይላል። የሞተር ንዝረት በየብየዳው ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቤንዚንም አለ፤ ከጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን ውስጥ ጥቂት ውኃ ከገባ ታንኩ ግርጌ ይተኛና አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

አሜሪካ ውስጥ በእጅ የተሠሩ አውሮፕላኖች በሺዎች ይቆጠራሉ፤ የሙከራ አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። እዚያ ሠሪው የመጀመሪያውን በረራ ሲጨርስ ታሪኩ አያልቅም። ብዙውን ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት ያለ ተሳፋሪ፣ ሰው ከማይበዛበት ቦታ ላይ እየበረረ አውሮፕላኑን ይፈትሻል። ከዚያም በየ12 ወሩ አውሮፕላኑ ተፈታትቶ ይመረመራል፤ የታየውም ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል። ማኅበሩ ውስጥ ልምድ ያላቸው ፈቃደኞች አሉ፤ ገና በግንባታው ላይ እያለ እየመጡ ያዩለታል። ሰው የራሱን ስህተት ማየት ስለሚከብደው ሁለተኛ ዓይን ያስፈልጋል። እንዲህም ሆኖ አደጋ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜ ከሞተር መጥፋትና ከቁጥጥር መውጣት የተነሳ።

እኛ ዘንድ ብቻውን ለሚሠራው ልጅ ይህ ሁለተኛ ዓይን ማን ነው? እኛ አጨብጫቢዎቹ ነን። ጭብጨባ ደግሞ ብየዳ አይመረምርም።

ፈረንጆችም ተረት ወደው ነበር

ይህ ስህተት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኦንሪ ሚኜ የተባለ ፈረንሳዊ በ1934 (እ.ኤ.አ.) ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ አውሮፕላን እንዲሠራ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። አውሮፕላኑን «የሰማይ ቅማል» አለው፤ እንግሊዞች «በራሪ ቁንጫ» አሉት። ፈረንሳይና እንግሊዝ አበዱለት! በየጓሮው መዶሻ ጮኸ፤ ጋዜጦችም «በረራ ለሁሉም ሰው» አሉ።

ከዚያ ሰዎች መሞት ጀመሩ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋል፤ አብራሪው መሪውን ቢስብም አይመለስም። አንዳንዱ አብራሪውን ወቀሰ፣ አንዳንዱ ሠሪውን። በመጨረሻ በሁለቱም አገሮች አውሮፕላኑን የነፋስ ዋሻ ውስጥ፣ ማለትም በትልቅ ማራገቢያ ነፋስ በሚነፍስበት ቤተ ሙከራ፣ አስገቡትና ለኩት። ቁንጫው አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ የሆኑ ሁለት ክንፎች አሉት፤ በጣም የተቀራረቡ ናቸው። አፍንጫው ከተወሰነ በላይ ሲደፋ፣ መሪውን መሳብ የኋላው ክንፍ ይበልጥ እንዲያነሳ ያደርገዋል። ጭራው ይነሳል፣ አፍንጫው ይበልጥ ይደፋል። አብራሪው ለመዳን የሚያደርገው ነገር ራሱ ይገድለዋል።

በ1936 አውሮፕላኑ ታገደ። ታሪኩ ግን በእገዳው አላበቃም፤ ምክንያቱ ስለታወቀ ንድፉ ተስተካከለ፣ የተሻሻሉት ልጆቹም በኋላ በረሩ። ሰዎቹን ያዳናቸው ድፍረት መጨመር አልነበረም፤ መለካት ነበር። የሚያሳዝነው መለካቱ ከቀብሩ በኋላ መምጣቱ ነው።

በዚያው ዘመን እኛም አገር አውሮፕላን ይሠራ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የገጣጠማት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው አውሮፕላን። ጣሊያን ወስዷት ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ቆይታ ጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች። ስትመለስ ደስ ብሎኛል፤ ስለ ታሪክና ስለ ክብር የተባለውም ተገቢ ነው። ግን አፍንጫዋን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ባለ 7 ሲሊንደር ዋልተር ሞተር ነው ያላት፤ 115 የፈረስ ጉልበት ያህል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር በላይ ናት። ከዚያ ከፍታ የምትነሳ ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን ጉልበት ሊተርፋት ይገባል። «ፀሐይ» የፊዚክስ መምህር ናት፤ እኛ ግን ፎቶ አንስተናት ብቻ ተመለስን።

«ታዲያ ተስፋ ልቁረጥ?»

አንዳንዶቻችሁ አሁን «ይሄ ሰውዬ ወጣቱን ተስፋ ሊያስቆርጥ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፣ ገና ያልተለካ አውሮፕላን ላይ የሚወጣን ልጅ ባስቆርጠው ደስ ይለኛል። የማይለካ ሕልም ከሰው ጋር ነው የሚወድቀው።

ግን መሥራት አቁሙ አላልኩም። በካርቶንና በቀጭን እንጨት ግላይደር ሥሩ፤ መዝኑት፤ የክንፉን ስፋት አስሉ፤ ከአንድ ከፍታ እየለቀቃችሁ ምን ያህል እንደሄደ በሜትር ጻፉ። ክብደቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያዛወራችሁ መቼ እንደሚደፋ ፈልጉ። ይህን ያደረገ ልጅ የቁንጫውን ምስጢር ግማሹን በገዛ እጁ ያገኘዋል። የአካባቢያችሁን ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና መምህራን ጠይቁ፤ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ በር የሚዘጋ ጥቂት ነው። ሞተር ካላችሁ መሬት ላይ አስራችሁ በሚዛን ስንት ኪሎ እንደሚስብ ለኩ፤ ከትልቅ ሰው ጋር፣ ከፕሮፔለሩ ፊትና ጎን ማንም ሳይቆም። ራሳችሁ መሳፈር ግን ፈቃድና ሁለተኛ ዓይን ያለበት ቦታ ይቆይ።

ዜና ለምትጽፉና ቪዲዮ ለምትለቁ ደግሞ አምስት ጥያቄ ልተውላችሁ። ከነሰውየው ስንት ኪሎ ነው? የክንፉ ስፋት ስንት ነው? ሞተሩ እዚህ ከፍታ ላይ ስንት ጉልበት ይሰጣል? ክንፉ ስንት ኩንታል ተጭኖበት ተፈትኗል? ከሠሪው ሌላ ማን መረመረው? መልስ ከሌለ «መልስ የለም» ብላችሁ ጻፉት። ሕልሙንና እናቱንም ጻፉ፤ ማን ከለከላችሁ? ብቻ ኪሎውን አትርሱ።

ያ የወልድያው ተማሪ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ደብተሩ ላይ አዲስ ሥዕል አልነበረም፤ የቁጥር ሠንጠረዥ ነበር። ሞተሩን፣ ብረቱን፣ ጎማውን፣ ራሱንም ሳይቀር እህል ሚዛን ላይ ወጥቶ መዝኖ ጽፏል። ደምሮ፣ አካፍሎ፣ የወልድያን አየር አስገብቶ ሠርቶታል።

«ቲቸር፣ አይነሳም» አለኝ።

ፊቱ ላይ ኀዘን ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም። ቀጥሎ ያለውን ገጽ ገለጠና «ክንፉን ላሳድገው ወይስ ክብደቱን ልቀንስ?» አለ።